መርዶ ሳይነገር የሚለጠፍ ፎቶ

ሰው ባረፈ በሰዓታት ውስጥ ፎቶው ጥቁር መደብ ላይ ተደርጎ፣ ከጎኑ ሻማ በርቶለት፣ «ነፍስ ይማር» ከሚል ቃል ጋር ፌስቡክ ላይ ይወጣል። የሚለጥፈው ሰው ክፋት አስቦ አይደለም። የአጎት ልጅ ነው፣ አብሮ አደግ ነው፣ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ደንግጦና አዝኖ ነው የጻፈው። ግን በዚያች ሰዓት የሟች ልጅ ሪያድ ወይም አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራዋ ላይ ናት። ለእረፍት ወጥታ ስልኳን ስትከፍት እናቷን ከሻማው አጠገብ ታገኛታለች። የሚይዛት ሰው በአጠገቧ የለም። ከፎቶው ሥር ግን የማታውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ቀድመዋት አልቅሰዋል።

እንዲህ ያለው ነገር ዛሬ በብዙ ቤተሰብ ደርሷል። ጉዳዩ ሲነሳ የሚወቀሰው ማኅበራዊ ሚዲያው ራሱ ነው፤ «ሐዘን የቤት ነው፣ ምን አደባባይ አወጣው?» ይባላል። በዚህ አልስማማም። የእኛ ሐዘን ድሮም የአደባባይ ነው። ድንኳኑ መንገድ ዘግቶ ይተከላል፣ ለቅሶው ሰፈር አቋርጦ ይሰማል፣ ከል የለበሰች ሴት ዓመት ሙሉ ሐዘኗን በላይዋ ይዛ ገበያ ትወጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ስልኩ ያፈረሰብን ቅደም ተከተሉን ነው፦ ማን ቀድሞ ይሰማል፣ ማን ይናገራል፣ ለሌላው የሚነገረው እነማን ካወቁ በኋላ ነው የሚለውን።

መርዶ የሚነገረው ማልዶ ነው። ከቤተሰቡ ጠና ያለ ሰው፣ የንስሐ አባት ወይም ሼኹ፣ ጎረቤት፣ የእድር ሰው ተጠራርተው ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። ማለዳ የሚመረጠው በምክንያት ነው። ሐዘንተኛውን ከቤት ሳይወጣ ያገኙታል፤ ገበያ መሀል ወይም ታክሲ ውስጥ ሆኖ ከሌላ ሰው አፍ አይሰማም፤ ቀኑ ገና ስለሆነ ዘመድ አዝማድ እስኪመሽ ድረስ ይደርስለታል። የመጡት ሰዎች እንደ ገቡ አይናገሩም። ይቀመጣሉ። አንዱ የታማሚውን ሁኔታ ይጠይቃል፣ ሌላው «ሁሉም የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚል ቃል ጣል ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ አፋቸው ሳይከፈት ፊታቸው ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውም ታስቦበታል፦ ራሱን ሊጥል ሲል የሚይዘው ጉልበት ያለው ሰው ከጎኑ ተቀምጧል፤ ሐዘንተኛዋ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባት እናት ከሆነች እህል መቅመሷ፣ መድኃኒቷን መውሰዷ ተጣርቷል፤ ሕፃናቱ ወደ ጎረቤት ተወስደዋል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ሥርዓት ይዘው ሄደዋል። ስልኩ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የሚደወለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለጓደኛው ነው። ጓደኛው ሌሎችን ይጠራል። የሥራ ፈረቃውን ያጣራሉ፤ መኪና ይዞ የማይወጣበትን፣ ሰውም ሊሰበሰብለት የሚችልበትን ጠዋት ይመርጣሉ፤ ምግብ የሚያዘጋጀው፣ ካህኑን ወይም ፓስተሩን የሚጠራው፣ የአውሮፕላን ትኬት የሚያፈላልገው ሥራ ይከፋፈላል። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ዝምታ ይፈልጋል። ዛሬ ያቺ አንዲት ቀን አትገኝም። ስለዚህ ሊያረዱት የተዘጋጁ ጓደኞች ቀድመው የሚጨነቁት ስልኩን በምን ሰበብ ከእጁ እንደሚያወጡት ሆኗል።

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ከመርዶ ቀጥሎ ያለው ሥራ የእድሩ ነው። ጥሩምባ ነፊው በየመንገዱ እየዞረ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት ቤተ ክርስቲያንና በስንት ሰዓት እንደሆነ ያስታውቃል። ድንኳኑ ይወጣል፣ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፣ ድስቱና ሳህኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይመጣል፤ በቀብር ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ጥሩምባው ግን በማንም ትእዛዝ አይነፋም ነበር። የቅርብ ሰው መረዳቱ፣ ቤተሰቡም «ይነገር» ማለቱ ሲታወቅ ነው የሚነፋው። አሁን ብዙ እድሮች የቴሌግራም ቡድን ከፍተዋል። ለሥራ መልካም ነው፤ ጥሩምባ ከማይደርስበት ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖረውን አባል ያገኛል። ሆኖም ያ መልእክት በአንድ ጊዜ ንክኪ ከቡድኑ ወጥቶ ባሕር ይሻገራል።

ሞትን ይፋ ማድረግ ጊዜም አለው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ አሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ እያለ እስከ ሰባት ዓመት የሚሄድ መታሰቢያ አለ፤ ፍትሐቱና ተዝካሩ በዚህ ይመራል። በሙስሊሞች ዘንድ ቀብሩ ይፈጥናል፣ ተዕዚያው፣ ማለትም ሐዘንተኛውን ማጽናናቱ፣ ሦስት ቀን ነው፣ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ የሚባለውን የሐዘን ጊዜ ትቀመጣለች፣ ለሟች ሰደቃ ይወጣል። ፕሮቴስታንቶች ፍትሐትና ተዝካር የላቸውም፤ በመዝሙርና በቃል ይሸኛሉ፣ ድንኳኑንና ለቅሶ መድረሱን ግን ከጎረቤታቸው ጋር አብረው ይጋሩታል። ይህ አቆጣጠር ሐዘንተኛውን ደረጃ በደረጃ ወደ ኑሮው የሚመልስ ነው። ስልኩ በበኩሉ የራሱ አቆጣጠር አለው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የቀበርከውን ወንድምህን «ዛሬ ልደቱ ነው፣ እንኳን አደረሰህ በለው» ይልሃል።

ፎቶ ያለበት ቲሸርት አሳትመው ለቀብር የሚወጡትን ወጣቶች «ባህል አጠፉ» የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን አያቶች ለቅሶ ቢያስታውሱ ጥሩ ነው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ የታወቀ ሰው ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣ ነበር። ፈረሱ እንደ ተጫነ እየተሳበ ይዞራል፤ ጠመንጃው፣ ጋሻው፣ ይለብሰው የነበረው ልብስ ለሕዝብ ይታያል። አልቃሿ ዘሩን እየቆጠረች፣ ጀግንነቱን፣ እንግዳ ተቀባይነቱን፣ ከማን ጋር እንደ ተጣላና ማን እንደ ከዳው ጭምር በሙሾ ታወርዳለች። ሕዝቡም ደረቱን እየደቃ ይቀበላታል። ሰውየው በመጨረሻ በሜዳ ላይ የሚታየው በዕቃውና በግጥሙ ነበር። ፎቶ በሌለበት ዘመን ያ ነበር ፎቶው።

ከዚያም በፊት ድንጋይና እንጨት ነበር። ጢያ ላይ የቆሙት 36 ድንጋዮች የመቃብር ምልክት ናቸው፤ ከነዚህ 32ቱ ላይ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል። ኮንሶዎች ለጀግናቸው ዋካ የሚባለውን የእንጨት ሐውልት ያቆማሉ፤ ከጎኑ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች አብረው ይቆማሉ። ከዋካዎቹ ብዙዎቹ ተሰርቀው መሸጣቸው የሚያንገበግብ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ሐዘን የሰው ሳሎን ማስጌጫ ሆኗል። ለማንኛውም ሟችን ለሕዝብ ማሳየት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም።

እንዲያውም በታሪካችን ክፉው ነገር ሐዘን አደባባይ እንዳይወጣ የተከለከለበት ጊዜ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን መንገድ ላይ ይጣል ነበር። እናት ልጇን አይታ እንዳታለቅስ ትከለከላለች። ድንኳን መትከል፣ ከል መልበስ፣ ለቅሶ መድረስ «ለጸረ አብዮተኛ ማዘን» ተብሎ ያስጠረጥራል። ልጃቸው ለተገደለበት ጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ያ ትውልድ ያላለቀሰው ለቅሶ አስቀርቶ ያለፈው ቁስል ገና አልሻረም። ደርግ ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ሲከፈቱ፣ አጥንት ሲለቀም፣ ብዙ ቤተሰብ ከ14 ዓመት በኋላ እርሙን አወጣ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በፎቶ የተሞላ ነው። አፍሮ ያበጠረ ጎረምሳ፣ የተማሪ ቤት መታወቂያ ላይ የተነሳች ልጅ፣ በየቤቱ አልበም ውስጥ ተደብቀው የኖሩ ፎቶዎች ናቸው። እዚያ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ፎቶን አደባባይ ማውጣት ነውር ነው ሊለኝ አይችልም። ለእነዚያ ቤተሰቦች የልጃቸው ፊት በይፋ መታየቱ ፍትሕ ነው።

አስከሬን የማይገኝበት ሞት ላይ መታሰቢያው ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሚሠራ ከዚያ ወዲህም አይተናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ ለቤተሰብ የሚሰጥ አስከሬን አልነበረም። ከአደጋው ሥፍራ የተዘገነ አፈር ተሰጣቸው። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የኢትዮጵያውያኑ ቀብር ሲፈጸም ሳጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ያም ሆኖ በባንዲራ ተሸፍነው፣ ፎቶ ከፊት ተይዞላቸው፣ ሆስተሶቹ ነጭ አበባ ይዘው ቆመው ተቀበሩ። በወደቀበት መንደር የሚኖሩት ገበሬዎች ደግሞ ስማቸውን እንኳ ለማያውቋቸው ሰዎች በወጉ አለቀሱ። ከሩቅ አገር የመጡት ቤተሰቦች እንግዳ ሕዝብ ለልጃቸው ደረቱን ሲደቃ አይተው ነው የተመለሱት።

በትግራይም ጦርነቱ በስምምነት ካቆመ በኋላ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ ጊዜያዊ አስተዳደሩ በጦርነቱ ለሞቱት ተዋጊዎች የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ። እስከዚያ ድረስ ልጁ ይኑር ይሙት ያላወቀ ቤተሰብ ብዙ ነበር። መርዶው በየቤቱ ሲገባ በአንድ መንደር በአንድ ቀን ብዙ ቤት ለቅሶ ተቀመጠ። እርሙን ያላወጣ ሰው ሰደቃ ማውጣት፣ ተዝካር መደገስ፣ የልጁን ልብስ ለሌላ መስጠት አይችልም። በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሳል።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ምን እንደሚመስል በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አየን። ሚያዝያ 11 ቀን ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሊቢያ ውስጥ ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የለዩት ከዚያ ምስል ላይ ነው። መርዶ ነጋሪው ገዳዩ ራሱ ነበር። ምክር ቤቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ቂርቆስ ድንኳኑን ተክሎ፣ የልጆቹን ፎቶ በትልቁ ሰቅሎ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይል አብሮ ተቀመጠ። ሰፈሩ በዚያ ሳምንት ያደረገውን ሳስብ አሁንም እኮራለሁ። የገዳዩን ምስል በራሱ ምስል ሸፈነው። ልጆቹን በብርቱካናማ ልብስ ተንበርክከው ሳይሆን ቤታቸው ውስጥ ሆነው፣ ፈገግ ብለው እንድናያቸው አደረገ። የማዝንበት ነገር ቪዲዮውን «ለማሳወቅ» ብለው ሲያዘዋውሩ የነበሩት ወገኖቻችን ናቸው።

በቀብር ላይ የሚነበበው አጭር የሕይወት ታሪክም የአደባባይ መታሰቢያ ነው፤ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነትም ሆኗል። ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ በቅንነትና በታታሪነት አገለገሉ፣ የስንት ልጆች አባት ነበሩ፣ «ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው»። ብዙ ሰው ይህን አጻጻፍ ደረቅ ነው ይለዋል። እኔ ግን ጥበቃ አለበት እላለሁ። ኤች አይ ቪ ብዙ ወጣት በወሰደበት ዘመን፣ ሰው ራሱን ባጠፋበት ቤት፣ «ባደረባቸው ሕመም» የምትለው ሐረግ ቤተሰቡን ከጎረቤት ዓይን ጋርዳለች። በሽታውን መደበቅ የራሱን ጉዳት አምጥቷል፤ ያ እውነት ነው። ሆኖም ይነገር ወይስ አይነገር ብሎ የሚወስነው ቤተሰቡ ነበር። ዛሬ ቀብር ላይ ካሜራ ይዞ የሚመጣው ሰው ከመቃብር አፋፍ ላይ ያለችውን እናት «እንዴት ሞተ?» ብሎ ማይክ ይደቅንባታል። መልሷ ማታ በርዕስ ተሞሽሮ ይወጣል፤ ከመሀሉም ማስታወቂያ ይገባበታል። ይህን ልማድ መጥላት ብቻ አይበቃም፤ እድሮች ከድንኳናቸው ማስወጣት አለባቸው። ድንኳኑ የእድሩ ነው፣ ሥርዓቱም የእድሩ ነው፣ የማስወጣት ሥልጣንም አላቸው።

አሁን ወደ መርዶ ልመለስ፤ በሥርዓቱ ላይ የሚነሳ እውነተኛ ቅሬታ አለ። ውጭ የሚኖሩ ልጆች «አዘገያችሁብን» ይላሉ። አባቱ ከሞተ ሳምንት አልፎ፣ አንዳንዴም ወር አልፎ ነው የሚነገረው። ፈተና አለባት፣ ወረቀቷ አልወጣም፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ትንሽ ይቆይ ይባላል። ልጅቷ አባቷ ከተቀበረ በኋላ ስትደውል «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ተብላለች። ይህ ውሸት ከሞቱ በላይ የሚያንገበግባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ፍረድ ብባል እኔም ከነሱ ጎን እቆማለሁ። በተለይ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውና ቢነገረው ለቀብር ሊደርስ የሚችል ሰው እንዳይሰማ ማድረግ ልጅነቱን መንጠቅ ነው። ድሮ ደብዳቤ በወር በሚደርስበት ዘመን መዘግየቱ የመንገዱ ነበር፤ ዛሬ የእኛ ውሳኔ ነው። እንዲያውም መዘግየቱ ራሱ የፌስቡኩን አደጋ አብዝቶታል፤ አንድ ወር የተደበቀ ሞት ከሰላሳ ሰው ስልክ አንዱ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የሚያጥረው ነገር ጊዜው ይሁን። ሰው በአካል ሄዶ መናገሩ፣ ብቻውን እንዳይሰማ ማድረጉ ግን መቅረት የለበትም።

መለጠፉ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በኩዌት የቤት ሠራተኛ ሆና የሄደች ልጅ ስትሞት ፓስፖርቷ አሠሪዋ ወይም ኤጀንሲው ዘንድ ነው። በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስምና ዕድሜ እውነተኛው ላይሆን ይችላል። ጓደኞቿ የሚያውቁት ቅጽል ስሟንና «ከወሎ ነች» ወይም «ከጅማ ነች» የሚለውን ብቻ ነው። እነዚህ ሴቶች ከደመወዛቸው ቆርሰው አስከሬን ማሳፈሪያ ያዋጣሉ፣ በቲክቶክ ቀጥታ ገብተው ይለምናሉ፣ ፎቶዋን አውጥተው ቤተሰቧን ያፈላልጋሉ። ሌላ መንገድ ስለሌላቸው ያደረጉት ነው፤ የመንግሥት ተቋማት ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ ተሸክመዋል። እዚህ ላይ ብልሃተኞቹ የሚያደርጉትን ልብ ብያለሁ። ፎቶውን ሲለጥፉ መሞቷን አይጽፉም። «ይህችን እህት የሚያውቅ፣ ለቤተሰብ ጉዳይ በውስጥ መስመር ያግኘን» ብለው ያቆማሉ። የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ከቤተሰቧ ጠና ያለውን ሰው ስልክ ይጠይቃሉ፣ ለእሱ ይነግራሉ፣ እሱ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። አስከሬኑ ቦሌ ሲደርስ እናት ተረድታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይቆያል። ከጅዳ አንዲት የቤት ሠራተኛ በስልክ ይህን ሥርዓት ከጠበቀች እኛ ሰፈር ተቀምጠን የምናፈርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ርቀት ለዓመታት ያዘገየው መታሰቢያም አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ለመድረስ በእግር ወደ ሱዳን የወጡት ቤተ እስራኤላውያን መንገድ ላይና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ጣቢያዎች በረሃብና በበሽታ አልቀዋል፤ ወደ 4,000 ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። መቃብራቸው ሱዳን ቀረ። ልጅ እናቱን የት እንደቀበረ በጣቱ ሊያሳይ አይችልም። ዛሬ በኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ቄሶቹ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ቤተሰቦች ይሰበሰባሉ፣ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ይገኛሉ። ሽማግሌዎቹ እዚያ ቆመው የሚያለቅሱት በአማርኛና በትግርኛ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ታሪኩን በዕብራይስጥ ይሰማሉ። ቦታው የመቃብሩን ሥራ ይሠራል።

ከሟች በኋላ ስለሚቀረው የፌስቡክ ገጽ እምብዛም አይወራም፤ ማወቁ ግን ይጠቅማል። ፌስቡክ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሟችን ገጽ ወደ መታሰቢያነት ይለውጣል፤ ያን ጊዜ የልደት ማስታወሻው ይቆማል፣ ማንም ሰው በስሙ ሊገባበት አይችልም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሰው በሕይወት ሳለ ገጹን የሚጠብቅለት ተጠሪ መምረጥ ይችላል። ጎግል በ2013፣ አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር አምጥተዋል። ቤተሰብ ሲጠይቅ የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። አገራችን ሞትን ጨምሮ ወሳኝ ኩነቶችን በየቀበሌው መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ብዙ ሰው አሁንም ወደ ምዝገባው የሚሄደው የውርስ ወይም የጡረታ ጉዳይ ሲያስገድደው ነው። ማስረጃውን ቀብሩ እንዳለፈ ማውጣት ለገጹም ለሌላውም ይረዳል።

እድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ብዙው ነገር ይስተካከላል። ለጥሩምባ ነፊው የነበረው ትእዛዝ ለቴሌግራም ቡድኑ አስተዳዳሪም ይሁን፦ ከቤተሰቡ የተወከለ አንድ ሰው ቃል ሳይሰጥ ስም አይወጣም፣ ፎቶ አይወጣም። ተወካዩ የሚጠየቀው «ልጆቹ፣ እህት ወንድሞቹ ሁሉ ተረድተዋል ወይ?» ተብሎ ነው። ውጭ ያለ ሰው ካለ የአገሩ ሰዓት ይቆጠራል። አዲስ አበባ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሌሊት የሞተ ሰው ወሬ ከሰፈር ሳይወጣ እስከ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ቢጠበቅ፣ እዚያ ያሉት ጓደኞች ተጠራርተው በንጋት የልጅቷን በር ለማንኳኳት ይበቃቸዋል። ፎቶው በዚያው ቀን ማታ ይውጣ፤ ሻማውም ይብራ፤ የፈለገ ሁሉ ከሥሩ ይጻፍ።